ለጥምቀት ነጠላና ቲሸርት ስክሪን ህትመት፦ ሸማ ላይ የትኛው ቀለም፣ የትኛው መሽ?

የሽምብጧ — ኅዳር 20

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በትንሽ ክፍል ስክሪን ህትመት እሠራለሁ። አንድ የሰፈር ማኅበር ለጥምቀት ሁለት ዓይነት ሥራ አዞኛል። አንደኛው ነጭ የሸማኔ ነጠላ ነው፤ ከጥለቱ ከፍ ብሎ በሁለቱም ጫፍ መዳፍ የሚያህል መስቀል በወይን ጠጅ ቀለም ይታተምበታል። ሁለተኛው ደማቅ ቀይ ቲሸርት ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ደረቱ ላይ ትንሽ አርማ።

በእጄ ያለው ነጭና ባለቀለም ፕላስቲሶል፣ ውሃ የሚቀላቀል የፒግመንት ቀለም፣ እንዲሁም ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሰጠኝ 120 የሚል መሽ (ፍሬም ላይ የሚወጠረው፣ ቀለም የሚያልፍበት ወንፊት ጨርቅ) ነው። ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ በብርሃን የማወጣው (ኤክስፖዝ የማደርገው) በፀሐይ ነው። የታተመውን ቀለም በሙቀት የማበስልበት ካውያና አንድ ትንሽ ሂት ፕሬስ (በሙቀት የሚጫን ማሽን) ነው።

ቁራጭ ነጠላ ላይ ፕላስቲሶሉን ሞከርኩት። ሲያዩት ያምራል፤ ሲዳስሱት ግን ቁስል ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር ነው። ነጠላው ሲታጠፍ መስቀሉ አብሮ አይታጠፍም። ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ ቀለሙ የማጉን ጉብታ ብቻ ነክቶ ከጎኑ ያለውን ጎድጓዳ ዘሎታል፣ ነጭ ነጥብ ነጥብ ይላል። ነጠላ የሚወደደው ለልስላሴው ነው፤ ያን አጥፍቼ ማስረከብ አልፈልግም።

ማኅበሩ አምና ሌላ ቦታ ያሳተመውን ቲሸርት አምጥተው አሳይተውኛል። ጽሑፉ ተሰነጣጥቆ በየቦታው ተላጧል። «የአንቺስ እንዲህ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ምክንያቱን በትክክል አውቄ ልመልስላቸው እፈልጋለሁ። የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ዋንዛ — ኅዳር 20

እህቴ፣ ቀለሙን ከማንሳታችን በፊት መሹን እንይ። 120 ያልሽው በሴንቲ ሜትር ነው ወይስ በኢንች? የአውሮፓው አቆጣጠር በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ክር ይቆጥራል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ቲ የምትል ፊደል ይጽፉበታል። የአሜሪካው በኢንች ነው። 43 ቲ ማለት በኢንች 110 ገደማ፣ 77 ቲ ማለት 195፣ 120 ቲ ማለት 305 ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው ስለሚሸጡ ሻጩም ሳያውቀው ያሳስታል።

ለማወቅ መሹን ነጭ ወረቀት ላይ አንጥፊ፣ ማስመሪያ አስጠጊ፣ በስልክሽ ካሜራ አቅርበሽ ፎቶ አንሺና በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ክር ቁጠሪ። 24 አካባቢ ከሆነ የኢንች 120 ነው፤ ለነጠላሽም ለነጭ ቀለምሽም ይሆናል። 60 ከሆነ የሴንቲ ሜትሩ ነው፤ እሱ ወረቀትና ፕላስቲክ ላይ ለሚታተም ደቃቅ ሥራ እንጂ ለዚህ ሥራ አይደለም። ነጭ ፕላስቲሶል በዚያ ቀዳዳ ቀጥኖ ያልፍና ቀዩን ጨርቅ አይሸፍንልሽም። ውሃ የሚቀላቀለው ቀለም ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ቶሎ ይደርቅብሻል።

ለነጠላው 43 ወይም 55 ቲ ያዢ። ለቲሸርቱ ነጭ ጽሑፍ 43 ይበቃል፤ የደረቱ አርማ ቀጫጭን መስመር ካለው ወደ 77 ከፍ በይ።

ፍሬሙንም አትናቂው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ አንድ ጥግ ከጠረጴዛው ከተነሳ ህትመቱ በዚያ በኩል ይደበዝዛል። በደንብ የደረቀ ዋንዛ አሠሪ፣ ጥጎቹ በሙጫና በብሎን ይያዙ። መሹን ስትወጥሪ ከአንዱ ጎን መሀል ጀምረሽ ወደ ተቃራኒው መሀል ሂጂ፤ ከዚያ ወደ ጥጎቹ። ክሮቹ ከፍሬሙ ጎን ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ሰያፍ ከሄዱ ቀጭን መስመር መጋዝ ይመስላል። መሽ የሚያረጥቡም አሉ፤ ፖሊስተር በውሃ ስለማይለሰልስ ድካሙ ትርፍ የለውም።

ሲታተም መሹ ጨርቁን እንዲነካ የምትፈልጊው ቀለሙን የሚገፋው ጎማ በሚያልፍበት መስመር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በመሹና በጨርቁ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዪ፤ ከፍሬሙ ጥጎች ሥር የካርቶን ቁራጭ ብታደርጊ ይበቃል። መሹ የላላ ከሆነ ግን ክፍተቱን ማስፋት ይኖርብሻል፤ ሲሰፋ ደግሞ ሥዕሉ ይለጠጣል። በደንብ ወጥሪው የምልሽ ለዚህ ነው።

ድርና ማግ — ኅዳር 21

ጨርቃ ጨርቅ የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ስለ ሸማው ልጻፍልሽ።

ፕላስቲሶል ውስጥ ውሃ የለም። ደቃቅ የፒቪሲ ዱቄት በማለስለሻ ፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የተሠራ ነው። ክር ውስጥ አይሰርግም፤ ከላይ ተቀምጦ ሲሞቅ አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናል። የቲሸርት ጨርቅ ፊቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ያን ሽፋን ይሸከማል። ነጠላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ፈትሉ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይቀጥናል። ያየሽው ነጭ ነጥብ የመጣው ከዚያ ነው፤ እጅሽ ጥፋት የለበትም።

ስለዚህ ለነጠላው ውሃ የሚቀላቀለውን ተጠቀሚ። እሱ ወደ ክሩ ይገባል፣ ጨርቁም እንዳለ ይታጠፋል። ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ፤ ፒግመንቱ በራሱ ጥጥን አይይዝም። የሚያጣብቀው አብሮት ያለው ባይንደር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ። ባይንደሩ ሳይበስል ከቀረ ቀለሙ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። 150 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በካውያ ከሆነ በጥጥ ሙቀት፣ እንፋሎቱን ዘግተሽ፣ ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርገሽ፣ ከፊትም ከጀርባም ሳትቆሚ እያንቀሳቀስሽ ተኩሺው። ፊክሰር (ቀለሙ በእጥበት እንዳይለቅ የሚጨመር) ካገኘሽ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሪበት፤ ግን ለዕለቱ የሚበቃሽን ብቻ ቀላቅይ፣ የተረፈው አድሮ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ነጠላው መቀቀል አለበት። አዲስ ሸማ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ድቡልቡል ሆና ከቆመች ጨርቁ ገና ሰም አለው፤ ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው፣ የፋብሪካ ድር ላይ ደግሞ በሽመና እንዳይበጠስ የተቀባ ማጠንከሪያ ሊኖር ይችላል። ቀለምሽ የሚይዘው ያን ሰም ይሆንና በእጥበት አብሮት ይሄዳል። ለአንድ ሊትር ውሃ 5 ግራም ያህል ሶዳ አሽና ትንሽ ሳሙና አድርገሽ ለአንድ ሰዓት ቀቅይው፤ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ አድርቂ፣ ተኩሺ። እንደገና ጠብታዋን ጣይ። ወዲያው ከሰረገች ዝግጁ ነው። ሸማ ሲቀቀል ይሰበሰባል፤ ሳትቀቅይ ካተምሽ መስቀሉ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ታጥቦ ይጣመማል።

ከፒግመንት የሚለሰልስ ሌላም መንገድ አለ፤ ሪአክቲቭ ቀለም። እሱ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይጣመራል፣ እጅ ላይ ምንም አይሰማም። ማወፈሪያው ግን የባሕር አልጌ ውጤት የሆነው ሶዲየም አልጂኔት መሆን አለበት። ስታርች ከተጠቀምሽ ቀለሙ ከጥጡ ይልቅ ከስታርቹ ጋር ይጣመርና ታጥቦ ይሄዳል። ዩሪያና ሶዳ ይገባበታል፣ ከታተመ በኋላ በእንፋሎት ይታጠናል። የመማሪያ መጻሕፍት 100 ወይም 102 ዲግሪ እንፋሎት ይላሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ በተራ ድስት የምታጥኚ ከሆነ ደቂቃውን ማርዘም አለብሽ። በመጨረሻም ያልተጣመረው ቀለም በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ያኔ ነጩ ነጠላ እንዳይበከል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለጥምቀት ከደረሰ ትዕዛዝ ላይ አትጀምሪው፤ በበጋው ረጋ ብለሽ ተለማመጂው።

ቀትር — ኅዳር 21

ድርና ማግ ያልነካው አንድ ነገር አለ፤ ኢመልሽኑ፣ መሹ ላይ የሚቀባውና ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክረው ፈሳሽ። ለፕላስቲሶል የሚሆን ኢመልሽን ሁሉ ውሃ የሚቀላቀል ቀለም አይችልም። ጥቂት ነጠላ እንዳተምሽ ጠርዙ መሟሟት ይጀምራል፣ መስቀሉ ጢም ያወጣል። ስትገዢ ውሃ የሚችለውን ጠይቂ። ዲያዞ (በብርሃን እንዲጠነክር የሚጨመር ኬሚካል) ያለባቸው ድርብ የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቀለም የሚችሉ ናቸው። በባይክሮሜት የሚቀላቀለውን የድሮውን ግን ርካሽ ነው ብለሽ አትንኪው፤ ክሮሚየሙ ካንሰር አምጪ ነው፣ ቆዳም ያቆስላል።

ስለ ፀሐዩ፦ በታኅሣሥ ባሕር ዳር ላይ ቀትር ፀሐይ አናት ላይ አትቆምም፤ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ። ስክሪኑን መሬት ላይ ዘርግተሽ ካስቀመጥሽው ብርሃኑ በጎን እየገባ ሥዕሉ ካለበት ፊልም ጠርዝ ሥር ይሾልካል። ቀጭን መስመር የሚጠፋው በዚህ ነው። መስታወቱ ላይ አንድ ምስማር ቀጥ አድርገሽ አቁሚና ስክሪኑን ወደ ደቡብ እያዘነበልሽ ጥላዋን ተመልከቺ። ጥላዋ ሲጠፋ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ እየወደቀ ነው። 35 ዲግሪ አካባቢ ትደርሻለሽ።

ጊዜውን ከሰው አትውሰጂ፤ ኢመልሽን ከኢመልሽን፣ ቅብ ከቅብ ይለያያል። አንድ የሙከራ ስክሪን ላይ ተመሳሳይ መስመሮችን ደርድሪ፣ በካርቶን ሸፍኚውና በእኩል ጊዜ እየሳብሽ ክፍል በክፍል ግለጪው። ሲታጠብ የሚያዳልጥና የሚላጥ ክፍል ጊዜ ያነሰው ነው፤ መስመሩ አልከፈት ያለው ጊዜ የበዛበት። በመካከል ያለውን ውሰጂ። ፎቶፖሊመር ብቻ የሆነው በእኛ ፀሐይ በሰከንዶች ያልቃል፤ ዲያዞ ረዘም ይላል።

ቅቡ እስከ ውስጥ ካልደረቀ ኤክስፖዙ ልክ ቢሆንም ይታጠባል። አሁን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀላል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን በክረምቱ እርጥበት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ ያኔ ቬንትሌተር ያለበት ጨለማ ሳጥን ያስፈልግሻል።

ሰፈነ ሰላም — ኅዳር 22

ይህን ሁሉ ከመድከም ቲሸርቱን በዲቲኤፍ ማሠራት አይሻልም? ፊልሙ ታትሞ ይመጣል፣ በሂት ፕሬስ መጫን ብቻ ነው።

እትዬ ዓባይ ማዶ — ኅዳር 22

ለጥቂት ቲሸርትና ብዙ ቀለም ላለው ፎቶ ዲቲኤፍ ጥሩ ነው፣ እኔም አሠራለሁ። አንድ ቀለም ያለው ጽሑፍ ለብዙ ሰው ሲሆን ግን ስክሪኑ አንዴ ከተዘጋጀ ቀሪው የቀለምና የእጅ ወጪ ብቻ ነው። ሰፊ የጀርባ ጽሑፍ በዲቲኤፍ ስታስቀምጪ ደግሞ ጀርባ አይተነፍስም። በጥምቀት ፀሐይ ታቦት አጅቦ ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኔ ልጅ የሽምብጧ፣ አሁን ስለዚያ ስለተሰነጣጠቀው ቲሸርት። ፕላስቲሶል በአየር አይደርቅም፣ ሳምንት ቢቀመጥም እርጥብ ነው። የሚበስለው ሽፋኑ ከላይ እስከ ታች 160 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ችግሩ 110፣ 120 ዲግሪ ላይ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ላዩ የጠና፣ ከክሩ ጋር የተያያዘበት ሥሩ ግን ጥሬ የሆነ ሽፋን ነው ሦስተኛው እጥበት ላይ የሚሰነጠቀው። እኔ እንዲህ ነው የምፈትሸው፦ ከበሰለ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ጽሑፉን በሁለት እጄ ወደ ጎን እስቤ እለቀዋለሁ። ሳይሰነጠቅ ከተመለሰ በስሏል። ከየዙሩ አንዱን ደግሞ በሙቅ ውሃ አጥቤ አየዋለሁ።

ነጭ በቀይ ላይ አንዴ በማተም አይሸፍንም። ታትሚያለሽ፣ ሂት ፕሬሱን ከላይ ሳይነካ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አንዣበሽ ታሞቂዋለሽ፣ ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ደግመሽ ታትሚያለሽ። የመጀመሪያውን ሽፋን ግን ሙሉ በሙሉ አታብስዪው፤ ከበሰለ ሁለተኛው አይዋሃደውም፣ ኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ጎማሽ ጠርዙ ያልደነዘዘ ይሁን፣ ጥንካሬው በጎማ መለኪያው 65 ወይም 70 ሾር። ነጭ ወፍራም ስለሆነ ሰው ጉልበት ይጨምርበታል፤ ጉልበት ግን ቀለሙን ጨርቁ ውስጥ ደፍጥጦ ያስገባዋል እንጂ አይሸፍንም። ቀለሙን ቀድመሽ በማንኪያ አሸት አሸት አድርገሽ አለስልሺው።

ደግሞ ጨርቁ ምንድን ነው? ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ቀይ ስላልሽ ነው የምጠይቅሽ።

የሽምብጧ — ኅዳር 23

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መለያው ላይ ምንም አልተጻፈም። ማኅበሩ ራሱ ገዝቶ ያመጣው ነው። እንዴት ነው የምለየው? ደግሞ መብራት ከመሀል ሲጠፋ ምን ላድርግ? እዚህ ሰፈር ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

እትዬ ዓባይ ማዶ — ኅዳር 23

ከውስጥ ስፌቱ ጥቂት ክር መዥርጠሽ ውጭ ወጥተሽ ለኩሺው። ጥጥ የወረቀት ሽታ እየሸተተ ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ታያለሽ።

ዶቃ ካየሽ ተጠንቀቂ። ፖሊስተር የሚነከርበት ቀለም ሲሞቅ ወደ ጋዝ ተለውጦ ከክሩ ይወጣና ነጩ ሽፋን ውስጥ ይገባል። ከማሽኑ ሲወርድ ነጭ ነው፤ አድሮ ሮዝ ይሆናል። ቀይና ጥቁር ቀይ ከሁሉም ይብሳሉ። እንዲህ ያለ ቲሸርት ላይ በ160 ዲግሪ አታብስዪ። በዝቅተኛ ሙቀት የሚበስለውን ነጭ ፈልጊ፣ ከተገኘ ከሥሩ ቀለም የሚያግድ ግራጫ ሽፋን አድርጊ። አንድ አትመሽ ሁለት ሦስት ቀን አቆይተሽ እዪው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለማኅበሩ ሄዶ ጥጥ ይቀየርልኝ ማለት ነው። የተቃጠለውን ክር አሳዪያቸው፣ ሰው ሲያይ ይገባዋል።

መብራት ሲጠፋ፣ ፕላስቲሶል ትዕግሥተኛ ነው። ያተምሽውን ሳትደራርቢ፣ አቧራ በማይደርስበት ዘርግተሽ ጠብቂ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውም አይደርቅም። ውሃ የሚቀላቀለው ግን ተቃራኒው ነው። ነጠላ እያተምሽ ከጠፋ ማተሙን አታቋርጪ፤ ማተም መብራት አይፈልግም፣ ካውያውን ኋላ ትደርሽበታለሽ። ካቆምሽ ግን ስክሪኑን ወዲያው እጠቢው። በሁለት ነጠላ መካከልም ቀለሙን በመሹ ላይ አልብሰሽ ተይው፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን። የከሰል ካውያ አውጥተው የሚያበስሉ አሉ፤ አንዱ ጎን ያሳርራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ተዪው።

ነጠላ ስስ ስለሆነ ቀለም ወደ ጠረጴዛው ያልፋል። ከሥሩ ያረጀ አቡጀዴ አንጥፊና ለእያንዳንዱ ነጠላ ንጹሕ ቦታ አድርጊ። ጥለቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክዪ፣ አትወጥሪው፤ ተወጥሮ የታተመ መስቀል ሲለቀቅ ይጠባል።

ጣና ዳር — ኅዳር 24

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ ነው። ስክሪን ሐይቁ ዳር ወይም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ላይ አትጠቡ። ሰዎች ፍሬማቸውን ይዘው ሲወርዱ አይቻለሁ፣ ውሃው ቅርብና ነፃ ስለሆነ። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ዓሣውን የምንበላው፣ ዳሩ ያለ ገበሬም ውሃውን የሚጠጣው እኛው ነን።

ፕላስቲሶልን ውሃ አያጥበውም። በካርቶን ጠርጋችሁ ወደ ዕቃው መልሱት፣ የቀረውን ዘይት በነካ ጨርቅ አብሱ፤ ቤንዚን አትጠቀሙ፣ እሳት ነው። የኢመልሽንና የፒግመንት እጣቢ በባልዲ ይረፍ፤ ዝቃጩ ሲቀመጥ ለብቻው ደርቆ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይውጣ። ድርና ማግ የጠቀሰው ሪአክቲቭ ደግሞ ዩሪያ አለበት። ዩሪያ ማዳበሪያ ነው፤ እምቦጭ የሚፋፋው ናይትሮጂን በበዛበት ውሃ ነው። ሕዝቡ በእጁ ሲነቅለው የከረመውን አረም በእጣቢያችን አንመግበው።

ድርና ማግ — ኅዳር 24

ጣና ዳር ልክ ነህ። በሪአክቲቭ ሥራ ዩሪያውን መቀነስ ይቻላል፣ ከታጠነ በኋላ የመጀመሪያውን እጣቢም ለብቻ መያዝ ይገባል። እሱን ሳልጽፍ ማለፍ አልነበረብኝም።

የሽምብጧ — ታኅሣሥ 4

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መሹን ቆጠርኩት፣ የሴንቲ ሜትሩ 120 ነበር፤ 55 ቲ ገዛሁ። ቲሸርቱ ዶቃ ሆነ። ክሩን ለማኅበሩ አሳየኋቸውና ራሳቸው ጥጥ ሊቀይሩት ተስማሙ። የተቀቀለ ቁራጭ ነጠላ ላይ በፒግመንት ያተምኩት መስቀል ታጥቦም አለ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስዳስሰው የታተመውን ካልታተመው መለየት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ከነጠላዎቹ የአንዱ ጥለት ስቀቅለው ለቀቀ፣ አረንጓዴው ወደ ነጩ ትንሽ ሄዷል። ሌሎቹን እንዴት ላድርግ?

ድርና ማግ — ታኅሣሥ 4

የቀሩትን አትቀቅያቸው። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥለት ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አድርገሽ በካውያ ተጫኚው። ነጩ ቀለም ከያዘ ያ ጥለት ፍል ውሃ አይችልም። እሱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ፣ ያለ ሶዳ፣ አንድ በአንድ እጠቢ፤ ዘፍዝፈሽ አታሳድሪ፣ ጨምቀሽም አታስቀምጪ፣ ወዲያው ጥላ ውስጥ ዘርግተሽ አስጪ። ሰሙ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ጠብታዋ ለመስረግ ጥቂት ሰከንድ ትወስዳለች። ለእነዚህ ፊክሰሩን አትተዪ፣ ከተኮስሽ በኋላም ጥቂት ቀን ሳይታጠቡ እንዲቆዩ ለባለቤቶቹ ንገሪያቸው።

የለቀቀውን አንዱን አሁኑኑ፣ ሳይደርቅ፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ደጋግመሽ አለቅልቂው። በረኪና እንዳታስነኪው፣ ጥለቱን ይበላዋል። ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ደግሞ ሸማኔውን ቀድመሽ አነጋግሪው፤ የጥለቱን ክር ከመሸመኑ በፊት በሶዳ ቀቅሎ ቢፈትሸው የማይለቀውን ብቻ ይሸምንልሻል።